ይድረስ ለክቡር ድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ፣ ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ አዝማሪውን መስማት እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን ለጤናዎ እንደምን አሉ? እርስዎ ደኅና መሆንዎን አራት ሰፈር ማዶ ሆነን በየሌሊቱ ስለምንሰማ ጥያቄው ለወግ ያህል ነው። እኛም ከጆሯችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት አዝማሪ ቤት ምን ያህል ባዶ እንደነበረ ስናስበው ይገርመናል። አንድ መሰንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ አንዲት ዘፋኝ፣ በርጩማ ላይ የተኮለኮለ እንግዳ፣ ብርሌና ጉዝጓዝ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልነበረም። የመሰንቆ ገመድ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የፈረስ ጭራ ነው፤ ድምፁ ቆዳ ከተወጠረበት የእንጨት ገላ ወጥቶ ግድግዳው ዘንድ ይደርስና እዚያው ያበቃል። ግድግዳውም ሩቅ ስላልነበረ የተቸገረ ሰው አልታየም። ይህን ጉድለታችንን አይተው በርኅራኄ ተነሳሥተው፣ ሠላሳ ሰው ለማይሞላ ቤት ሦስት ሺህ ሰው የሚያደነቁር ድምፅ ይዘው ገቡልን። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል የኖረውን ተረት በእኛ ላይ እውነት አድርገው ስላሳዩን ምስጋናችን የላቀ ነው።

ለአገሩ እንግዳ ስለሆኑ፣ ጎጃም ውስጥ ቃል እንዴት እንደሚደመጥ ማስረዳት ይገባን ነበር። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ከየአቅጣጫው አኩፋዳውን ይዞ የሚመጣባቸው ደብሮች ናቸው፤ በእነዚያ ጉባኤ ቤቶች ባለቅኔው ሲዘርፍ አድማጩ ትንፋሹን ውጦ ሰሙን ከወርቁ ሲለይ ይገኛል። አዝማሪ ቤት ከዚያ ደጅ የራቀ ነው፣ መምህራኑም ዝምድናውን ሲያነሡባቸው ፊታቸውን ያጠቁሩ ይሆናል፤ ነገር ግን የጎጃም ሰው ጆሮ አንድ ነው፣ ጠጅ ሊጠጣ ሲሄድ ያንኑ ጆሮውን ይዞ ይሄዳል። እንግዳው ግጥም ያወጣል፣ «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው በዜማ ይቀበለዋል፣ ቤቱም ነገሩ ማንን እንደወጋ አውጥቶ አውርዶ ሲደርስበት ሳቁ ይፈነዳል። የጨዋታው ነፍስ ያለችው በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ነው።

በቅርቡ አንድ ጎልማሳ፣ ቃል ገብቶ ያስቀረው ወዳጁ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሳለ፣ ለአዝማሪው ይህችን አቀበለ፤

ጣና ዳር ተቀምጬ ውኃ ጠማኝ ዛሬ፣
አባይን አምኜ ከደጁ አድሬ።

በደጉ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ወዳጁን ያየው፣ እሱም አፍሮ ለሁሉም ብርሌ ያስቀዳ ነበር። ሆኖም ግጥሙ በእርስዎ በኩል ማለፍ ነበረበት። ኢኮው የአባይን የመጀመሪያ ፊደል ዋጠና «ባይ… ባይ… ባይ…» እያለ አስተጋባ፤ ወዳጁም ቤቱ ሊዘጋ መስሎት ሒሳብ ጠየቀ።

አዝማሪን ዝም ለማሰኘት የመጀመሪያው እርስዎ እንዳልሆኑ መቼም ሰምተዋል፣ የሚሰሙ ከሆነ። ግራዚያኒ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ፣ በመጋቢት 1929 ዓ.ም፣ እየዞሩ በዜማ የሚያወሩትን ከጠንቋዮቹ ጋር እየያዙ እንዲረሽኑ ያዘዘው ሕዝቡ እነሱን እንደሚያደምጥ ስለገባው ነበር። በዚያ ሁሉ ጥይት ያልተቻለውን እርስዎ አንዲት ጠብታ ደም ሳያፈሱ፣ እንዲያውም አዝማሪውን ራሱን ማይክራፎን አስጨብጠው ፈጸሙት። ዛሬ የፈለገውን ቢሳደብ፣ የፈለገውን ቢያሞግስ፣ የሚከሰው የለም፤ ምን እንዳለ ማን ሰምቶ?

በእርግጥ እዚህ ሥራ ላይ ብቻዎን አይደሉም። ባለቤቱ ውስጥ የተቀመጠውን እንግዳ ትቶ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ለመጥራት ፊትዎን ወደ ደጅ አዙሮ ያቆምዎታል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ቤት ደግሞ የራሱን ሞንታርቦ ወደዚያው መንገድ አዙሯል። አንደኛው ሲጨምር ሌላው ይጨምራል፤ ዴሲቤል የሚሉት መለኪያ አሥር ከፍ ባለ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ እንደሚያድግ ለሁለቱም የነገራቸው የለም፣ ቢነግራቸውም በዚያ ጩኸት መሐል ስንት ብለው ይሰሙታል? መንገደኛውም ከሁለቱ ትዝታ የቱ፣ ባቲ የቱ እንደሆነ መለየት አቅቶት ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም ባወጣው መስፈርት በሙዚቃ ቤቶች አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ፣ እንግዳውም ጆሮውን የሚያሳርፍበት ጸጥ ያለ ስፍራ እንዲያገኝ ይመክራል። የእኛ ጸጥ ያለ ስፍራ ሽንት ቤቱ ነው፤ እዚያም ቆርቆሮው በከበሮው ምት እየተንቀጠቀጠ ያጅበናል። መንግሥትም በዚህ ጉዳይ አልተኛም፣ እኛም እንዲሁ፤ በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ድምፅን ከብክለት ይቆጥራል፣ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የሌሊት ወሰንም 45 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲጫወቱ ከዚህ ስለሚያልፉ፣ ሕጉ በጥብቅ ቢሠራበት አስቀድመን የምንቀጣው በረንዳ ላይ ሆነን እርስዎን የምናማው እኛ ነን።

በጣና ዳር ባሉ የሆቴል አጸዶች ስለሚሰጡት አገልግሎት ደግሞ ለብቻው መጻፍ ይገባ ነበር። ሌሊት ውኃው ላይ ያለው አየር ከበላዩ ካለው ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች ጎንበስ እያለ ሐይቁን ይዞ ርቆ ይሄዳል። ክብራን ገብርኤል ከከተማው ቅርብ የሆነ፣ ሴት የማትረግጠው የደሴት ገዳም ነው፤ አነፋፈሱ ቀንቶዎት ከደረሱ፣ ዘፋኟን ያለ ጀልባና ያለ ፈቃድ ደጀ ሰላሙ ድረስ ያስገቡ እርስዎ ብቻ ነዎት።

እስከ ዛሬ ያሸነፈዎት የመብራት መጥፋት ብቻ ነው። መብራቱ ድርግም ሲል አዝማሪው ሽቦውን ተሻግሮ ወደ መሐል ይመጣል፣ መሰንቆውን ደረቱ ላይ ያስደግፋል፣ በጥግ በኩል የተደበቀውን ባለ ቦርጭ ሰውዬ በጨለማ ያገኘዋል፤ ስለ ቀበቶው የወጣችውን ስድብ ቤቱ እኩል ይሰማል፣ እኩል ይስቃል፣ ተሰዳቢውም ደስ ብሎት የመቶ ብር ኖት አዝማሪው ግንባር ላይ ለመለጠፍ በዳበሳ ይነሣል። ግንባሩን ሳያገኝ ከጓሮ ጀነሬተሩ ይነሣል። እርስዎም ጉሮሮዎን በዚያ በሚሰቀጥጥ ፉጨት ጠርገው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ከከተማችን ይውጡ አንልም። ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ እንጅባራ ይሂዱ ብንልም ወንድሞችዎ ቀድመው ሞልተውታል። ስታዲየም አለልዎት፤ በጥር ወር መንገድ ዘግቶ የሚጣለው የሠርግ ዳስም፣ ሚዜው ማይክራፎን ከያዘ በኋላ የሚሰማ ቁም ነገር ስለሌለ፣ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ይሁን። ዓቢይ ጾም ሲገባ አዝማሪ ቤቶች ሲዘጉ በሚያገኙት 55 ቀን ዕረፍት ላይም ተቃውሞ የለንም፣ እንዲያውም እንዲራዘምልዎ እንደግፋለን። የምንለምነው ጠባቧን ቤት ብቻ ነው፤ እዚያ እንግዳ «ተቀበል!» ሲል የሚቀበለው አዝማሪው እንጂ እርስዎ እንዳይሆኑ፣ የግድ ከገቡም በዕቃ ቤቱ በኩል፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ገመድዎ ተነቅሎ እንዲቀመጡ በትሕትና እናመለክታለን።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
በከንፈር እንቅስቃሴ የሚግባቡ የጠጅ ወዳጆች

ግልባጭ፦
ለሚክሰሩ
ለጀነሬተሩ
ለኢኮው፣ ለኢኮው፣ ለኢኮው