ፓስቲ ሲሻር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው ለሰው ብቻ አይመስለኝም። ቃልም ይሾማል፣ ይሻራል። ምስክሬ ፓስቲ ነው።

ጣሊያኖች ጣፋጭ የሚሸጥበትን ቤት «ፓስቲቸሪያ» ይሉታል። እዚያ የሚሸጠው «ፓስታ» ነው፤ ሲበዛ «ፓስቴ»። በስጎ የምንበላው ፓስታም ወንድሙ ነው፤ ሁለቱም ሊጥ ናቸው። የዘር ሐረጉን ወደ ላይ የቆጠሩ ሊቃውንት ግሪክ አገር ያደርሱታል፤ እዚያ ደግሞ የገብስ ገንፎ ሆኖ ይገኛል። ገንፎ የገጠር ምግብ ነው እያለ ኬክ የሚቆርስ ሰው ይህን ይስማ።

እኛ ዘንድ የደረሰው ፓስቲ መስታወት ቤት ውስጥ አልሰነበተም። ዛሬ መንገድ ዳር በዘይት የሚጠበስ፣ ተነፋፍቶ የሚወጣ ሊጥ ነው። የሚጠቀለለው በተማሪ ደብተር ቅዳጅ ነው፤ ዘይቱ ወረቀቱን ሲያርሰው የማን ልጅ በሒሳብ ከአሥር አራት እንዳገኘ በግልጽ ይነበባል። የመስታወቱን ወንበር ኬክ ወረሰው። የሚገርመው ግን ከምጣዱ በላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ነው፦ «ካፌና ፔስትሪ»። ፔስትሪ ማን መሰላችሁ? የዚያው የፓስታ ዘር፣ በፈረንሳይ በኩል ዞሮ እንግሊዝኛ ተምሮ የመጣ የአጎት ልጅ ነው! አንዱ በመብራት አጊጦ ከላይ፣ ሌላው በጭስ ታፍኖ ከታች፤ ሰላምታ እንኳን የላቸውም።

የእኛ ሰው ሁለቱንም ያውቃል፤ የሚተዋወቁ እንዳይመስሉ ግን ይጠነቀቃል። ጠዋት ቢሮ ሳይገባ፣ ክራቫቱን በአንድ እጁ ወደ ትከሻው ጥሎ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ ሁለት ፓስቲ ይገምጣል። ከሰዓት በኋላ እንግዳ ይዞ ኬክ ቤት ሲቀመጥ «የተጠበሰ ነገር ለጤና ጥሩ አይደለም» ብሎ ሚልፎኝ ያዛል። ሚልፎኝ በትውልድ አገሩ «ሺህ ቅጠል» ማለት ነው፤ ቅጠሉም በሹካ ሲነካ ክራቫቱ ላይ ይረግፋል። ግማሹን መተው ጨዋነት ነው። እንግዳውም ይተዋል፤ ሁለቱም በዓይናቸው ሳህኑን ይሸኙታል።

ከዚያ የሒሳቡ ግብግብ ይመጣል። «በሞቴ!» «ኧረ በፍጹም!» አስተናጋጇ የማንን ብር እንደምትቀበል ግራ ገብቷት ትቆማለች። በመጨረሻ ድል አድርጎ «መልሱን ያዢው» የሚለው ያው ሰውዬ ነው፤ ጠዋት ፓስቲ የምትጠብሰዋን እናት ለአምስት ብር መልስ ሩብ ሰዓት አቁሞ የተሟገታት።