ውስኪ፣ ጥቁር ሱፍ እና የቼዝ ሰሌዳ

በቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ውስጥ አንድ ባለሀብት ተንኮለኛ መሆኑን ተመልካቹ እንዲረዳ ሦስት ዕቃዎች ይበቃሉ፤ ጥቁር ሱፍ፣ ቢጠጡት የማይጎድል የውስኪ ብርጭቆ እና የቼዝ ሰሌዳ። ሰሞኑን ያየሁት ድራማም ይህንኑ ደንብ አክብሮ የተሠራ ነው። ሰውየው የተቀናቃኙን ድርጅት እንዴት እንደሚያከስር በስልክ ተነጋግሮ ሲያበቃ፣ ብቻውን ይጫወትበት ከነበረው ሰሌዳ ላይ ጥቁሩን ንጉሥ በጣቱ ገፍቶ ጣለና «ቼክ ሜት!» አለ። አስፈሪው ሙዚቃ ተለቀቀ። ካሜራውም ወደ ሰሌዳው ቀረበ፤ ባይቀርብ በተሻለው ነበር። ከሰውየው በስተቀኝ የሚገኘው የማዕዘን ቤት ጥቁር ነው።

ሰሌዳ ሲዘረጋ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በቀኝ እጁ በኩል የሚውለው የማዕዘን ቤት ነጭ መሆን አለበት። ንግሥቲቱም በየቀለሟ ትቆማለች፤ ነጯ በነጭ ቤት፣ ጥቁሯ በጥቁር ቤት። ይህ የረቀቀ ዕውቀት ሳይሆን ቼዝ የሚማር ሕፃን ወታደር ማንቀሳቀስ እንኳን ሳይፈቀድለት በፊት የሚነገረው ነገር ነው። ስህተቱን ለማረም የሚያስፈልገውም ሰሌዳውን ሩብ ዙር ማዞርና ጠጠሮቹን መልሶ መደርደር ብቻ ነበር። የተዋናዩን ፀጉር የሚያበጥር፣ ግንባሩን ዱቄት የሚቀባና የከረባቱን ቋጠሮ የሚያቃና ሰው በተቀጠረበት ቀረጻ ላይ ያንን ሰሌዳ የሚያዞር አንድ ሰው ጠፋ።

የንጉሡ አወዳደቅም ሌላ ጉድ ነው። በቼዝ ወግ ንጉሥ የሚያጋድመው ተሸናፊው ነው፤ ያውም የራሱን፣ ያውም ቀስ ብሎ፣ ከዚያም እጁን ለሰላምታ ይዘረጋል። አሸናፊ የባላጋራውን ንጉሥ በጣቱ ገፍቶ የሚጥልበት ጨዋታ ያለው በድራማ ውስጥ ብቻ ነው። ደግሞስ ያ ድንገተኛ «ቼክ ሜት»፣ ንጉሥ ማምለጫ አጥቶ የሚያዝበት ያ የጨዋታ ፍጻሜ፣ ከየት የመጣ ነው? በፊልም ዓለም ታላቁ ሊቅ ባላጋራው አንዲት ጠጠር እስኪያነሣ ድረስ ምንም አይታየውም፤ ከዚያ ዓይኑ ይፈጥና ላብ ያሰምጠዋል። በእውነተኛው ውድድር ግን በዚያ ደረጃ የሚጫወት ሰው መሸነፉን ብዙ እንቅስቃሴ ቀደም ብሎ ስለሚያየው፣ ሜት እስኪመጣ ሳይጠብቅ ጨዋታውን ይለቃል።

ስለ ዳማ ደግሞ ማን ይናገርለት? በየሰፈሩ ጥላ ሥር፣ በጣውላ ላይ በእስክሪብቶ በተሠመረ ሰሌዳ፣ አንዱ ቆርኪውን ገልብጦ ሌላው ደፍቶ የሚጫወቱት ሰዎች ሦስትና አራት ጠጠር በአንድ ዝላይ የሚበላ ወጥመድ በልባቸው ሲያሰሉ ይውላሉ። እስካሁን ግን በአንድም ድራማ ላይ አንድን ገጸ ባሕርይ ብልህ ለማሰኘት ዳማ ሲቀርብለት አላየሁም። ዳማ የሚቀርበው ሰውየው ሥራ ፈት መሆኑን ለማሳየት ነው። በቆርኪ ያሰበ ሥራ ፈት፣ በተወለወለ እንጨት ያሰበ ግን ስትራቴጂስት ይባላል። ያንን ቆርኪ ወርውሮ ቢራውን የጠጣው ሰው ምን እንደሚባል ድራማው ገና አልወሰነም።

የውጭዎቹስ ይሳሳቱ የለም ወይ እንዳትሉኝ፤ ይሳሳታሉ፣ ያውም በብዙ ሚሊዮን ዶላር። ዳሩ ግን ሲጠነቀቁም ያስቀናሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የጄምስ ቦንድ ፊልም መጀመሪያው ላይ ያቀረበው ውድድር የሶቪየቶቹ ታላላቅ ተጫዋቾች ስፓስኪና ብሮንስታይን በ1960 ሌኒንግራድ ላይ ካደረጉት ጨዋታ የተወሰደ ነው። ስታንሊ ኩብሪክ ራሱ ቼዝ ተጫዋች ስለነበር፣ በ1968 ባወጣው የጠፈር ፊልሙ ላይ ኮምፒውተሩ ጠፈርተኛውን የሚረታበትን ጨዋታ ከ1910 የሐምቡርግ ጨዋታ ወስዶ አስገብቶታል። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ከመቶ ተመልካች አንዱ እንኳን እንደማያስተውለው ያውቁ ነበር፤ ያ አንዱ ተመልካች ግን እንዲናቅ አልፈለጉም።

በ2022 የዓለም ዋንጫ ዋዜማ ሜሲና ሮናልዶ በአንድ ውድ ሻንጣ ላይ በተዘረጋ ሰሌዳ ቼዝ ሲጫወቱ የሚያሳየውን ማስታወቂያ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ፎቶው በየስልኩ ሲዞር የእኛ ሰው «ማን እየመራ ነው?» በሚል ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ያዘ። የጠጠሮቹ አቀማመጥ ታዋቂዎቹ የቼዝ ሊቆች ካርልሰንና ናካሙራ በ2017 ኖርዌይ ውስጥ ካደረጉት ጨዋታ የተቀዳ ነበር፤ ያ ጨዋታ ደግሞ ያለቀው በአቻ ውጤት ነው። የቦርሳ ሻጭ እንኳን እንዲህ ተጨንቆ ሠርቷል።

እስከዚህ ድረስ በቀልድ የመጣሁት ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን በቀልድ ለመናገር አልችልም። በ2020 ኔትፍሊክስ ያቀረበው «ዘ ኩዊንስ ጋምቢት» በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት በ62 ሚሊዮን ቤቶች መታየቱን ኩባንያው ራሱ አስታውቋል። የቀድሞውን የዓለም ሻምፒዮን ካስፓሮቭን የመሰለ ሰው በአማካሪነት ስለነበረበት ሰሌዳው አልተዛባም። የተዛባው ሰው ነው። በመጨረሻው ክፍል ላይ አንድ ተንታኝ ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊን በስም ጠርቶ «ከወንዶች ጋር ተጫውታ አታውቅም» ይላል። ጆርጂያዊቷ ጋፕሪንዳሽቪሊ ከ1962 እስከ 1978 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን የነበረች፣ ከዚያም በ1978 የቼዝ ከፍተኛ ማዕረግ የሆነውን ግራንድ ማስተርነትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2021 ባቀረበችው ክስ እንደተገለጸው ታሪኩ እስከሚፈጸምበት እስከ 1968 ድረስ ብቻ ቢያንስ ከ59 ወንዶች ጋር ተጫውታለች። ክሱ በ2022 በስምምነት ተዘጋ። ሴት በወንዶች ዓለም እንዴት እንደምታሸንፍ የሚተርክ ድራማ፣ የፈጠራዋን ጀግና ከፍ ለማድረግ ሲል በሕይወት ያለችውንና ያንኑ በእርግጥ የፈጸመችውን ሴት ዝቅ ሲያደርጋት፣ ይህ በስክሪፕት ጸሐፊ ችኮላ ብቻ የሚመካኝ ነገር አይደለም። አሳፋሪ ነው።

ጋምቢት ከተነሣ አይቀር የምወደውን ተረት ሳልተርት አላልፍም፤ «አንተ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።» በንግሥቲቱ ጋምቢት ነጭ አንድ ወታደሩን ለጥቁር ያቀርብለታል፤ ጥቁርም ያንን ወታደር በልቶ አልለቅም ብሎ ሙጭጭ ካለ አቀማመጡ ይፈርስበታል። ስለ ጋምቢት የተጻፈ ማብራሪያ ሁሉ ከዚህች ተረት የተሻለ ነገር አልነገረኝም። በነገራችን ላይ በዚህ ተረት ላይ የቆየ ቅሬታ አለኝ፤ ሁሉም በሬውን ይወቅሳል እንጂ ገደል አፋፍ ላይ ያሰማራውን እረኛ የሚጠይቀው የለም።

የጋዜጣ የፖለቲካ ተንታኞችም እንዲሁ ጠያቂ የላቸውም። ስለ ቀይ ባሕር ሲጽፉ «የኃያላኑ የቼዝ ጨዋታ»፣ ስለ ዓባይ ሲጽፉ «የዲፕሎማሲው የቼዝ ሰሌዳ» ይላሉ። በሰሌዳው ዙሪያ አምስትና ስድስት መንግሥታት በአንድ ጊዜ ተሰልፈዋል፤ ማን ነጭ፣ ማን ጥቁር እንደሆነ፣ ተራውም የማን እንደሆነ አይገለጽም። የሚታወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወታደሮቹ ሁልጊዜ እኛ ነን። እንኪያስ ወታደር ከተባልን ዘንድ፣ ወታደር የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ንግሥት እንደሚሆን አብሮ ቢጻፍልን ምን ነበረበት?

በአንጻሩ ጋዜጦች ስለ እውነተኛው ቼዝ ለመጻፍ ቦታ የላቸውም። በ1972 አሜሪካዊው ፊሸርና የሶቪየቱ ስፓስኪ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሬይካቪክ ላይ ሲገናኙ ወሬው የፊት ገጽ ነበር። በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥንም ሼልቢ ላይማን የተባለ ሰው በተሰቀለ ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከአይስላንድ እስኪደርሰው እየጠበቀ ለሰዓታት ሲተነትን፣ ቼዝ የማያውቀው ሕዝብ ሁሉ ቁጭ ብሎ ተከታትሎታል። ኒው ዮርክ ታይምስ ግን በ2014 የቼዝ ዓምዱን ዘጋው። ሀብታሙ እንዲህ ካደረገ የእኛዎቹን ምን ልበል?

የምለውማ አለኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋዜጣ በመጨረሻው ገጹ ላይ የቼዝ እንቆቅልሽ ያወጣ ነበር። አንድ ጊዜ «ነጭ ተጫውቶ በሁለት እንቅስቃሴ ሜት ያደርጋል» የሚል እንቆቅልሽ ቀረበ፤ ሥዕሉ ላይ ግን ጥቁር ንጉሥ የለም። ሜት የሚደረገው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ስልክ ብደውል፣ ያነጋገሩኝ ሰው በትሕትና «ንጉሡ ባይኖርም ሐሳቡ ይገባል» ብለው መለሱልኝ። መልሱ በሚቀጥለው እትም እንደሚወጣ ተጽፎ ነበርና ጠበቅሁ። በሚቀጥለው እትም በቦታው የሪል ስቴት ማስታወቂያ ወጣ፤ ዓምዱም በዚያው ቀረ።

እኛ ለዚህ ጨዋታ እንግዳ ብንሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልተቀየምሁ። ቤተ መንግሥቶቻችንና የመኳንንቱ ግቢዎች ሰንጠረዥ የሚባል የራሳቸው ቼዝ ነበራቸው፤ ፈርዝ (በንግሥቲቱ ቦታ የሚቆም)፣ ፊል (ዝሆን)፣ ደር (የዛሬው ግንብ) እና መደቅ (ወታደር) የሚባሉ ጠጠሮች ያሉት። አጀማመሩ ወረራ ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ዓይናቸውን ከሌላው እጅ ሳይነቅሉ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። በፈረስ ወይም በደር የሚገኝ ድል እምብዛም አይደነቅም ነበር፤ የሚያስመሰግነው በደካማዎቹ ጠጠሮች ማሸነፍ ነው። ለቴሌቪዥን ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ሰሌዳው ደግሞ አንድ ዓይነት ቀለም ባለው ጨርቅ ላይ በመስመር ብቻ የተከፋፈለ ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ ስለዚህ ዳይሬክተሩ ማዕዘኑን ሊሳሳት አይችልም።

የታሪክ ድራማ ለመሥራት የሚያስብ ካለ ይህንን ትዕይንት እንዲያስገባ እለምነዋለሁ፤ በፕላስቲክ ጠጠር ግን እንዳያደርገው። የፒያኖውንም ሙዚቃ ይተወው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን እንደጻፉት ጨዋታው በጸጥታ የሚካሄድ አልነበረም፤ በዙሪያው የቆመው ሁሉ ምክሩን ጮክ ብሎ ይሰጥ ነበር። ድምፅ ቀጂው እነሱን ዝም እንዳያሰኛቸው።