እርማት፦ ስም ከካውንቲው ዝርዝር ጠፋ ማለት ዋራንት (የመያዣ ትዕዛዝ) የለም ማለት አይደለም

«ዳላስ ካውንቲ ሸሪፍ ድረ ገጽ ላይ ስሜን ፈልጌ አጣሁት፤ ስለዚህ ዋራንት የለብኝም» የሚለው አስተያየት ስህተት ነው፤ ሰውንም ያሳስራል። ቴክሳስ ውስጥ የመያዣ ትዕዛዝ የሚያወጣው አንድ ፍርድ ቤት ብቻ አይደለም። የከተማ ፖሊስ የጻፈው የትራፊክ ቲኬት የሚታየው በከተማው ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ ቀጠሮው አልፎ ዋራንት ቢወጣ የካውንቲው ዝርዝር ላይ ላይገኝ ይችላል። በካውንቲው ያሉት የጋርላንድም የኧርቪንግም ከተሞች የየራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው። የኤፍቢአይ (የፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ብሔራዊ የወንጀል መዝገብ ደግሞ ለሕዝብ ክፍት አይደለም፤ «የመላ አሜሪካን ዋራንት እናሳያለን» እያሉ የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች ከዚያ አያመጡም።

እባካችሁ ቲኬቱን አውጡና የትኛው ፍርድ ቤት እንደተጻፈበት እዩ፤ ከዚያ በቲኬት ቁጥሩ ፈልጉ። በስም ከሆነ የእኛ ስም ብዙ ያሳስታል። ፓስፖርቱ ላይ ስሙ በሙሉ በቤተሰብ ስም ቦታ የሰፈረ ሰው፣ ቪዛው ላይ የመጀመሪያ ስሙ «ኤፍኤንዩ» (FNU፣ የመጀመሪያ ስም አይታወቅም) ተብሎ ይመዘገባል። እንደ ፀሐይ ያለ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ከአንድ በላይ ዓይነት ይጻፋል፤ ሁሉንም ሞክሩ። የልደት ቀን ሲሞላ ወር ይቀድማል።

ትዕዛዝ ካገኛችሁ ሸሪፍ ቢሮ ሄዳችሁ አትጠይቁ፤ እዚያው ልትያዙ ትችላላችሁ። ለቲኬት ጉዳይ ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ደውሉ፤ ከቲኬት ለሚከብድ ክስ ግን ጠበቃ ያጣራላችሁ።