ቡፌ ላይ የተቀመጠ ባሕር

ደሴ ውስጥ የጨው ውሃ ገንዳ ካለበት ሳሎን የገባ እንግዳ ሦስት ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያ፣ «ዓሣው ይበላል?» ቀጥሎ፣ «ስንት ብር ፈጀ?» ሦስተኛው የሚመጣው ገንዳው ከ400 ሊትር ወደ 80 ሊትር የወረደ እንደሆነ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በጥያቄ መልክ አይመጣም። እንግዳዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ፣ ድምጿንም ዝቅ አድርጋ፣ «እታለም፣ ለመሆኑ ደህና ናችሁ?» ትላለች።

ቤት ሲሰፋ ዱአ ይደረጋል፣ ልጅ ሲያድግ ይመረቃል። ገንዳ ሲያንስ ምን እንደሚባል ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ወሬው የራሱን መንገድ ይይዛል፦ ጠዋት ፒያሳ ላይ «ከሰሩ» የተባለው፣ ከቀትር በኋላ ሸዋ በር ሲደርስ «ጅዳ ያለችው ልጅ መላክ አቆመች» ይሆናል፤ ማታ ሮቢት ሲገባ ባልና ሚስቱ ተፋትተው ገንዳውን እኩል ሊካፈሉ ሽማግሌ ተቀምጧል።

እውነቱ ይሄን ያህል አያስለቅስም። ጨው በሻንጣ ማስመጣት ሰልችቷል፣ የመብራት ሂሳብ በዝቷል፣ ወገብ ባልዲ አልሸከም ብሏል። ችግሩ ባለቤቶቹም ከሐሜተኛው ባልተናነሰ መሳሳታቸው ነው። ገንዳው ሲያንስ ሥራው የሚያንስ ይመስላቸዋል። የሚያንሰው ወጪው ነው፤ ሥራው ያው ነው፣ ይቅር ባይነቱ ግን ከአምስት አንድ ይቀራል። ትልቅ ውሃ እንደ ትልቅ ቤተሰብ ነው፣ የአንዱን ጥፋት ሌላው ይሸፍነዋል። ትንሽ ውሃ ወዲያው ያኮርፋል።

ሂሳቡ ይኸው። 80 ሊትር ተብሎ የተገዛ ገንዳ ድንጋይና አሸዋ ሲገባበት፣ አፉ ድረስም ስለማይሞላ፣ በትክክል የሚይዘው 65 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ይተናል እንበል። የሚተነው ውሃው ነው፣ ጨው የትም አይሄድም። ቤተሰቡ ለሠርግ ወልዲያ ሄዶ አራት ቀን ቢቆይ (ከዚያ ያነሰ ቆይታ ደግሞ ያሳማል) 6 ሊትር ይጎድላል፤ ጨዋማነቱም በኪሎ ከ35 ግራም ወደ 38 ተኩል ይወጣል። «ቀይ ባሕርስ 40 ይደርስ የለም እንዴ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ይደርሳል። የቀይ ባሕር ኮራል (ድንጋይ መስሎ የሚያድገው የባሕር እንስሳ፣ የገንዳውም ጌጥ) ግን እዚያው ተወልዶበታል እንጂ በአራት ቀን ሠርግ አልደረሰበትም።

መድኃኒቱ ተንሳፋፊ ወይም የውሃውን ከፍታ በብርሃን የሚለይ ሴንሰር ያለው ራሱን የሚሞላ ትንሽ ፓምፕና ከጎኑ የተቀመጠ 20 ሊትር ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ቁልፍ ለጎረቤት ልጅ መስጠትም ይቻላል፤ ግን መስተዋቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ «እስከዚህ» ካልተባለ ልጁ በደግነት አፉ ድረስ ይሞላዋል። ደግነቱ ከበዛ ደግሞ የጎደለው ጨው መስሎት ከወጥ ቤት ያመጣል።

ስለ ጨው ከተነሳ፣ ምክር በነጻ የሚሰጥበት አገር ነውና «ይሄን ሁሉ ከውጭ ከማስመጣት ሰኞ ባቲ ወርዶ የአፋር ጨው መግዛት አይሻልም?» የሚሉ አባት የማይገኙበት ቡና የለም። የአፋር ጨው ለወጥም ለከብትም ወደር የለውም፣ ለኮራል ግን አይሆንም። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው በሊትር 420 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም፣ 1,300 ገደማ ማግኒዚየም ካለበት ውሃ ነው፤ የገበታ ጨው ከሶዲየም ክሎራይድ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። የሐይቅን ውሃ በመኪና እናምጣ የሚሉም አሉ። የሐይቅ ውሃ ጨው አልባ ነው፣ እዚያ የሚኖረውም ቆሮሶ ነው፤ ቆሮሶን በተመለከተ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አዎ፣ ይበላል» ነው።

ደሴ «ቧንቧ ውሃ» የሚባል ክፍለ ከተማ አላት። የዚያ ሰፈር ሰው «ቧንቧ ውሃ አይሆንም» ሲባል ቅር ቢለው አይፈረድበትም፤ ነገሩ ግን ስለ ሰፈሩ አይደለም። ክሎሪኑ ጠቃሚ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊኬት ካሉበት አልጌ ይቀልባሉ። ውሃው በአርኦ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት በስስ ገለፈት የሚያሳልፍ)፣ ከዚያም በዲአይ ሙጫ (የተረፈውን ማዕድን የሚይዝ) አልፎ፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን የሚለካው መለኪያ 0 ማንበብ አለበት። ማጣሪያው አንድ ሊትር ንጹሕ ለማውጣት ሦስትም አራትም ሊትር ይጥላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ውሃ ወደ ቱቦ የሚለቅ ሰው ከጎረቤት ጋር ተጣላ ማለት ነው፤ በርሜል ይደቀንለት፣ ልብስ ይታጠብበት።

ከሁሉ የሚከፋው የእጅ አመል ነው። በትልቁ ገንዳ ዘመን (በተጣራ ሂሳብ 320 ሊትር ነበር) አልካላይኒቲው (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም፣ መለኪያው ዲኬኤች ይባላል) በአንድ ዲኬኤች ሲወርድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 10 ግራም ገደማ፣ በውሃ በጥብጦ መጨመር ልክ ነበር። እጁ ያንን ለምዷል። ያው 10 ግራም በ65 ሊትር ላይ ሲፈስ ከ8 ወደ 13 ያስፈነጥረዋል፤ የኮራሉ ጫፍም ይነጣል፣ እንደ ተቃጠለ እንጀራ ይላጣል። ለ65 ሊትር አንድ ዲኬኤች ማለት 2 ግራም ነው። ማንኪያው ይቅር፣ የወርቅ ሚዛን ይገዛ። በአንድ ቀን ከአንድ ዲኬኤች በላይ ማንሳትም ክልክል ነው፣ ቢቸኩሉም።

ማሞቂያውም እንዲሁ። «ደህና ዕቃ ነው፣ ለምን ይጣላል?» ተብሎ የ400 ሊትሩ 300 ዋት ሂተር ወደ ትንሹ ይገባል። የሂተር ቴርሞስታት (ሙቀቱ ሲበቃ የሚያጠፋው) አንድ ቀን ተጣብቆ አልጠፋም ማለቱ አይቀርም። ያን ቀን 300 ዋቱ 65 ሊትሩን በሰዓት 4 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ባለቤቱ ለቅሶ ደርሶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስ ከ25 ተነስቶ 33 ደርሶ ይጠብቀዋል፣ ሁለተኛ ለቅሶም እቤቱ ተቀምጧል። 100 ዋት ይበቃል፤ ከውጭ ሌላ መቆጣጠሪያ ቢጨመርለት ደግሞ እንቅልፍ ይገኛል። የጦሳ ተራራ ብርድ ሌሊት ሳሎን ስለሚገባ ከ75 ዋት በታች ግን አይሞከርም።

አሁን ወደ ሽምግልናው። ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል? ቢጫው ታንግ ይሄዳል። 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ቀኑን ሙሉ የሚዋኝ ዓሣ 60 ሴንቲ ሜትር ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ ሎንችናን ግቢ ውስጥ ብቻ እንደ መንዳት ነው። «ዓሣ እንደ ገንዳው ያድጋል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ የሚቀጭጨው ታሞ ነው። ክላውንፊሽ ሁለት ይቀራሉ፣ ሁለት ጥንድ ግን አይቀሩም። እነዚህ ዓሦች መጀመሪያ ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ከመካከላቸው የበላይ የሆነው ወደ ሴትነት ይለወጣል፣ ትልቋም እሷ ናት። ሁለት እመቤት አንድ ጓዳ አይገዙም፤ አንዷ እስክትሞት ይነካከሳሉ። አንድ ጎቢ ዓሣ ከነጉድጓድ ቆፋሪ ሽሪምፑ ቢጨመር ቤቱ ሞላ። ይህን ያህል ነው። «አንድ ብቻ እንጨምር» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከቤቱ ውስጥ ነው፣ መጠንቀቅ እሱን ነው።

የማዛወሪያው ቀን ወሎ ውስጥ ብቻውን የሚያዛውር የለም፤ ደቦ ይወጣል። ደቦው ሲወጣ ሁሉም ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የዘይት ጀሪካን፣ የላርጎ ባልዲ፣ የመዳብ ድስት፣ ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው፣ ሁሉም ገዳይ ነው። ዘይቱ ውሃው ላይ ተንጣሎ አየር ይከለክላል፣ ሳሙናው የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል፣ መዳብ ደግሞ በትንሹም ሽሪምፕና ኮራል ይጨርሳል። ዕቃዎቹ ተመስግነው ወደ ጓሮ ይሂዱ፣ ለቡና በኋላ ያስፈልጋሉ።

ቅደም ተከተሉ አይዛባ። አዲሱ የጨው ውሃ ከአንድ ቀን በፊት ተበጥብጦ፣ ሞቆ፣ 35 ላይ ተለክቶ ይደር፤ ጨው ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ጨው አይፈስም፣ አለዚያ ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። በዕለቱ ሂተሩ ውሃው ከመጉደሉ ከግማሽ ሰዓት በፊት ይነቀል፤ እንደጋለ አየር ላይ ከቀረ ይፈነዳል። ማንም እጁን ሳያስገባ ከላይ 30 ሊትር ጥሩ ውሃ ይቀዳ። ከዚያ ኮራል ይውጣ፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ዓሣ መጨረሻ። ድንጋዩ ሳይወጣ ዓሣ ልያዝ የሚል ወጣት ሁሌም አለ፤ ለግማሽ ሰዓት ያሳድዳል፣ ዓሣው ይደነግጣል፣ ልጁ ይረጥባል።

ከድንጋዩ 8 ወይም 10 ኪሎ ይመረጥ፣ ቀዳዳ የበዛበት። አሞኒያን (ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ) ወደ ናይትሬት የሚቀይረው ባክቴሪያ የሚኖረው ውሃው ውስጥ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ነውና እንደረጠበ ይሂድ። አሮጌው አሸዋ ግን ይቅር። አሮጌ አሸዋ እንደ አሮጌ ቂም ነው፣ ካልነኩት ተኝቶ ይኖራል፤ ወደ አዲስ ቤት ልውሰደው ሲሉ ግን የአምስት ዓመት ጉዱን በአንድ ሌሊት ያወጣል። አዲስ አሸዋ፣ ታጥቦ፣ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ በቃ።

የተረፈውን ድንጋይ «ፈልቶ ይጽዳ» ብላ ብረት ድስት የምትጥድ እናት ብትኖር ከእሳቱ ላይ ቶሎ ይውረድ። ይህ ቀልድ አይደለም። ዞአንቲድ የሚባሉት ቁልፍ መሳይ ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አላቸው፤ ሲፈላ በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ያስገባል። ሲነካም በጓንትና በመነጽር ነው።

ቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት አሞኒያ በየቀኑ ይለካ፤ ከ0 ከፍ ካለ 16 ሊትር በተዘጋጀ አዲስ ውሃ ይለወጥ፣ ምግብም ይቀነስ። መብራቱም ይታሰብበት፤ ለ60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የተገዛ ኤልኢዲ 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ከነኃይሉ ሲበራ ኮራሉን ያነጣዋል። በ40 ከመቶ ተጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት።

የቡናው ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሃያ ሰው፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ብርድ ነው ተብሎ የተዘጋ መስኮት። የገንዳው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ ውሃው ወደ አሲድ ያደላል) ጠዋት 8.2 ከነበረ በረካ ላይ 7.9 ይሆናል፤ ከሰሉና ሰዉ የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ይገባልና። በፒኤች መለኪያ እንግዳ መቁጠር ይቻላል ማለት ይቀላል። ፒኤች ማንሻ ኬሚካል የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ይቆጥብ፣ መስኮት ይክፈት። ረከቦቱ ከአየር ፓምፑ ራቅ ይበል፣ ጭሱን ስቦ ያስገባልና። እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ዝንብ ማጥፊያ የሚነፋ ካለ ግን ሽሪምፑ ቡናው ሳይፈላ ይሰናበታል፤ ለነፍሳት የተሠራ መርዝ ሽሪምፕን አይለይም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደሴ የራሷን ትጨምራለች። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ስለሆነ 25 ዲግሪ የሞቀ የጨው ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ኦክስጅን መያዝ ሲገባው 5 ያህል ነው የሚይዘው። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ከዚህ ትንሽ ይሻለዋል፣ ይህንንም መናገሩ አይቀርም። ስለዚህ ፓምፑ ሲቆም መጀመሪያ የሚያልቀው ሙቀት ሳይሆን ትንፋሽ ነው። መብራት ሲሄድ በራሱ የሚነሳ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕ ከኮራል ቀድሞ ይገዛ። ሽቦዎቹም ከሶኬቱ በታች ጎንበስ ብለው ይውጡ፣ ጨዋማ ጠብታ ተንከባሎ ሶኬት እንዳይገባ።

ገንዳው ቡፌ ላይ ይቀመጥ የሚሉት እመቤት ናቸው፣ ሁሉም እንዲያየው። 80 ሊትር ከነድንጋዩ፣ ከነመስተዋቱ ከ100 ኪሎ ይበልጣል፤ ቡፌው ደግሞ ለብርጭቆ የተሠራ የተጨመቀ እንጨት ነው፣ ጨዋማ ጠብታ ሲነካው እንደ ሊጥ ይነፋል። የቡፌው ብርጭቆዎች ከተሠሩ ጀምሮ እንግዳ ስላልጠጣባቸው ግን ቦታ አንለቅም ይላሉ። በመጨረሻ የብረት መቀመጫ ይበየዳል፣ ጥልፍ ይለብሳል፣ ስሙ ግን ቡፌ ሆኖ ይቀራል።

ከትልቁ ገንዳ የቀረው ውሃ ወደ 290 ሊትር ነው፣ 10 ኪሎ ጨው አለበት። ጌሾው ሥር ከተደፋ ጌሾ የለም፣ ጤና አዳሙም ተከትሎ ይሄዳል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፣ ከብዙ ውሃ ጋር፣ ወደ ፍሳሽ።

ባዶው ገንዳ ለሽያጭ ይቀርባል፣ ዋጋ የሚጠይቅ ይበዛል፣ የሚገዛ ይጠፋል። በወሩ ጓሮ ይወጣል፤ ጭድ ይነጠፍበታል፣ ከላዩ 100 ዋት አምፖል ይንጠለጠልበታል፣ 34 ጫጩት ይገባበታል። እንግዳ ሁሉ በዚያ በኩል ሲያልፍ ቆም ይላል፣ ጎንበስ ብሎ በመስተዋቱ ያያል፣ ይመርቃል። ይበላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድም የለም።