ለኮሪደር ሎሚ ፀሐይ ምኗ ነው?

ሰሞኑን የብሎካችን ቆሻሻ ገንዳ ጋ ፊከስ የሚሉት አንድ የቤት ተክል ከነሸክላው ተገትሮ አየሁ። አንድም ቅጠል የለውም። ግንዱ ላይ ግን የሠርግ መኪና የሚያስጌጡበት ዓይነት ቀይ ሪባን እንደታሰረ ነው። የቤት ምርቃት ስጦታ መሆኑ ነው። እናንተም ሰፈር አይጠፋም።

ስለዚህ ዛሬ ምስጋና ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ፀሐይ የምትባለዋን ከቤቱ ጠራርጎ አስወጥቶ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ጫካ ሊተክል ለቆረጠው የከተማችን ሰው።

ድፍረቱ በእውነት ይገርማል። መስኮቱ ከጎረቤት ፎቅ ግድግዳ ጋር ሊሳሳም ትንሽ ነው የቀረው። በዚያ ላይ ስስ መጋረጃ አለ። በስሱ ላይ ደግሞ ወፍራሙ አለ፤ ሶፋው እንዳይደበዝዝ ቀኑን ሙሉ አይገለጥም። ይሄ ሰው መንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ጋ ይሄዳል። «ቤታችሁ ብርሃን አለው?» ሲባል «እንዴታ! በየክፍሉ አምፖል አለ» ይላል። ሻጩም የተባረከ ነው። ጽጌረዳውም፣ ቁልቋሉም፣ ጤና አዳሙም «ጥላ ይወዳል» ነው። እሱ ጋ ፀሐይ የሚወድ ተክል ተፈጥሮ አያውቅም። እሱ ራሱ ግን ሁሉንም የሚደረድራቸው አስፋልት ዳር፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው።

ከጀግኖቹ ሁሉ የማደንቀው አንድ ሎሚ ተካይ አለ። የሚኖረው ግራውንድ ላይ ነው። ሎሚዋን ሲገዛት አምስት ፍሬ አንጠልጥላ ነበር። የት አስቀመጣት? ኮሪደር ላይ፣ በጫማ መደርደሪያውና በቆጣሪው መሀል። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ እሷን እንዲያይ። ብዙም ሳትቆይ ቅጠሏ መርገፍ ጀመረ። «ጠምቷት ነው» ተባለ፤ በጆግ ውሃ ተደፋባት። ባሰባት። «ርቧት ነው» ተባለ፤ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የሩዝ እጣቢ ወረደላት። አቧራ ነው ተብሎ ቅጠሏ አንድ በአንድ በወተት ተወለወለ። አንዲት አክስት መጥተው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓይን ነው የበላት! ይሄን ሁሉ ፍሬ በር ላይ ገትራችሁ!» ከርቤ ታጨሰላት። የጫማ ሽታ ይሆናል ተብሎ ጫማው ሁሉ ወደ መኝታ ቤት ተሰደደ። ቤተሰቡ ጫማ ታቅፎ ተኛ እንጂ፣ አንድም ሰው «ፀሐይስ?» አላለም።

ከዚያ ቤቱ ቀለም ሊቀባ ሆነና ሎሚዋ ደጅ ወጣች። ቀለም ቀቢው እንደ ወጉ ጠፋ፤ ሥራው ወር አለፈው። ሎሚዋ አቆጠቆጠች! ለምለም፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል። እልልታው ቀለጠ። የቤተሰብ ጉባኤ ተጠራ። ግማሹ የሩዝ እጣቢው ነው አለ፤ ግማሹ ከርቤው ነው አለ። ከብዙ ክርክር በኋላ ለሁለቱም ምስጋና ተሰጥቶ፣ ሎሚዋ በክብር ወደ ኮሪደሯ ተመለሰች።

አሁን ሦስት ቅጠል አላት። ፍሬዋ ግን ያው አምስት ነው፤ ከገበያ ተገዝቶ በክር ታስሮላታል። ለጥምቀት የወንድሙ ልጅ የሚወረውረው ሎሚ ሲያጣ አንዱን ቀጥፎ ሮጠ አሉ። ልጅቷ ጋ ሲደርስ ክሩ አብሮት ነበር።

ለተክል አተላውም ቅርፊቱም ወጥ ነው፤ እንጀራው ብርሃን ነው። የሚሸውደን ዓይናችን ነው። በጠራ ቀን ደጅ ያለው ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ይደርሳል። ከመስኮት የራቀ የሳሎን ጥግ መቶም ላይሞላ ይችላል። ዓይን ግን ሁለቱንም ለምዶ «በቂ ነው» ብሎ ያልፋል። ከፋ ጫካ ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ሥር ለሚያድገው ቡና እንኳ፣ ያ ጥላ ከኛ ሳሎን በብዙ እጥፍ የደመቀ ነው።

ቆይ፣ ሽሙጡን ለአፍታ ልተወው። በቀትር መብራት ካልበራ ሽንኩርት የማይከተፍበት ቤት ሠርቶ፣ ከጎረቤት ግድግዳ አንድ ክንድ ርቀት ላይ መስኮት በስቶ፣ «ሳሎኑ ሰፊ ነው» እያለ የሚያከራይ ሰው ሊያፍር ይገባል። እዚያ ቤት ውስጥ ልጅ ያድጋል። መብራት ሲጠፋ የቤት ሥራውን በጠራራ ቀን በሻማ ነው የሚሠራው። ፊከሱስ ሲደርቅ ገንዳ ይጣላል። ልጁ የት ይሂድ? ይሄ አያስቅም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ጀግኖቻችን ምርጫ አጥተው አይደለም። ሳንሴቬሪያ አለ፤ ያ ቅጠሉ ረጅም፣ ቀጥ ቀጥ ብሎ የሚቆመው። ዚዚ ፕላንት አለ። የትውልድ አገሩ ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ጎረቤት ማለት ነው። ከአፈሩ ሥር ድንች መሳይ ነገር አለው፣ እዚያ ውሃ ያጠራቅማል። ደብዛዛ ቤት ውስጥ ቀስ እያለ ይኖራል። የሚለምነው አንድ ነገር ነው፦ አፈሩ ሳይደርቅ ውሃ አታጠጡኝ። ይሄን ስትነግሯቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ውይ፣ ይሄማ የባንክ ቅጠል ነው!»

ከገዙትም ጠዋት ጠዋት ያጠጡታል። ሠራተኛዋም ታጠጣዋለች። እንግዳም ጠጥቶ የተረፈውን ሃይላንድ ይደፋበታል። ጨለማ ያልገደለውን በውሃ ይገድሉታል። ይሄም ችሎታ ነው።

«ቢሆንም አየር ያጠራል» የሚሉም አሉ። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ሞክሮት የለ? ሞክሯል፤ ግጥም ብሎ በታሸገ ትንሽ ሳጥን ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ፣ በተራ ቤት ውስጥ ከመደበኛው የአየር ዝውውር እኩል ለማጽዳት በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል ብሏል። ባለ ሎሚው ወዳጃችን ግን ያቺን ሦስት ቅጠል ተማምኖ መስኮቱን ከርችሞ ይቀመጣል። ክፈተው እንጂ ስትሉት መልሱ ዝግጁ ነው።

«አቧራ ይገባል፤ ሎሚዋን ያቆሽሽብኛል።»