ሳጋን በአማርኛ አታናግሯት

በቀደም አንድ ጓደኛዬ «ድልድዩ» የሚለውን የስዊድንና የዴንማርክ ተከታታይ ድራማ አንስቶ፣ «ይሄ እኮ እንደ ቃና ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ቢሠራ ጉድ ይባልለት ነበር» አለኝ። እኔ ደግሞ እንዳትነኩት ነው የምለው። በአማርኛ የሚያወሩ ቱርኮችን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ይሄኛው ግን ይበላሻል።

ላላያችሁት፦ የስዊድኗን ማልሞንና የዴንማርኳን ኮፐንሃገንን የሚያገናኘው የኦረሰንድ ድልድይ የተከፈተው በ2000 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ድራማው የጀመረው በ2011። አንድ ሌሊት የድልድዩ መብራት ይጠፋል። ሲመለስ መሃል ላይ፣ ልክ ድንበሩ መስመር ላይ፣ ሬሳ ተጋድሟል። ግማሹ ስዊድን፣ ግማሹ ዴንማርክ። ሊያነሱት ሲሉ ለሁለት ይለያያል፤ ለካ የሁለት ሴቶች አካል ነው። ከዚያ ከማልሞ ሳጋ ኑሬን፣ ከኮፐንሃገን ማርቲን ሮዴ የሚባሉ መርማሪዎች ወደዱም ጠሉም አብረው ይሠራሉ።

ታዲያ ሁለቱም የሚናገሩት በየራሳቸው ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ የለም።

ዋናው ደራሲ ሃንስ ሮዘንፌልት ስዊድናዊ ነው። የስዊድኑ ፊልምላንስና የዴንማርኩ ኒምቡስ ሠሩት፣ የሁለቱ አገሮች የሕዝብ ቴሌቪዥኖች አሉበት፣ የጀርመኑም ገንዘብ ጨምሯል። ብዙ ጌታ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ላስደስት ሲል ለዛ ያጣል። እነዚህ ግን «አንድ ተዋናይ ከእናንተ፣ አንድ ከእኛ» የሚለውን ጣጣ ራሱን ታሪክ አደረጉት። ብልጠት ይሉሃል ይሄ ነው።

ስዊድንኛና ዴንማርክኛ ከአማርኛና ከትግርኛ ይበልጥ ይቀራረባሉ። የድራማው ርዕስ እንኳ በሁለቱ የሚለየው በአንድ ፊደል ነው። በጽሑፍ ይግባባሉ። ችግሩ ዴንማርካዊው አፉን ሲከፍት ነው፤ ድምፁን እየዋጠ ስለሚናገር ስዊድናዊው «እ?» ይላል። ቁጥር ላይ ደግሞ ይብሳል። ስዊድናዊ ዘጠናን «ኒቲዩ» ይላል፣ ዘጠኝ አሥር እንደማለት። ዴንማርካዊው «ሃልፌምስ» ይላል፤ አራት ተኩል ጊዜ ሃያ ማለት ነው! እስቲ በዚህ የመኪና ታርጋ ተቀባበሉ።

ሳጋ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሶፊያ ሄሊን ናት የምትጫወታት። ያሰበችውን እንዳለ ትናገራለች፣ ቀልድ አይገባትም፣ ስልክ ስታነሳ «ሳጋ ኑሬን፣ ሌንስክሪም ማልሞ» ብላ ሥራ ቦታዋን ጭምር ትጠራለች። ለምን እንዲህ እንደሆነች ድራማው ስም አይሰጠውም፤ ደግ አደረጉ። በኪም ቦድኒያ የተሠራው ማርቲን ተጫዋች ነው፣ ነገር ያለሳልሳል። እሷ በደረቁ ስዊድንኛ፣ እሱ በሚለሰልሰው ዴንማርክኛ። ሁለቱን አንድ ስቱዲዮ አስገብታችሁ አንድ ዓይነት የአዲስ አበባ አማርኛ ብትሰጧቸው የሚቀረው ነፍሰ ገዳይ ፍለጋ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የድራማው ደካማ ጎን ነው። ገዳዮቹ አንድ ሰው ለመግደል የሚያወጡት ዕቅድ መንገድ ያሠራል።

ነገሩ የገባቸው ደግመው የሠሩት ናቸው። በ2013 አሜሪካኖቹ ወደ አሜሪካና ሜክሲኮ ድንበር፣ ወደ ኤል ፓሶና ሁዋሬዝ ወስደው እንግሊዝኛና ስፓኒሽ አደረጉት። በዚያው ዓመት እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ሬሳውን ከባሕር ሥር ባለው ዋሻቸው መሃል አስቀመጡት። ሁሉም መጀመሪያ የፈለጉት ድንበር ነው።

ድንበሩም ቢሆን እንደነበረ አልቆየም። ድራማው ሲጀመር ሰው ያለ ፓስፖርት ጥያቄ ተሻግሮ ሠርቶ ይመለስ ነበር። በጥር 2016 ግን ስዊድን ከዴንማርክ በባቡር የሚሻገረውን መታወቂያ ማስጠየቅ ጀመረች። የ2018ቱ የመጨረሻ ምዕራፍ የሚከፈተው የዴንማርክ የኢሚግሬሽን ኃላፊ ተገድላ ነው። ደራሲዎቹ ዜና ይከታተሉ እንደነበር ያስታውቃል።

ለጓደኛዬ ይህን ሁሉ ነግሬው «ጽሑፍ እያነበብኩ ድራማ አላይም» አለ። ስዊድናውያን ራሳቸው የማርቲንን ንግግር ከሥር እያነበቡ ነው ያዩት አልኩት። የኔ ምኞት የአማርኛ ጽሑፍ በሁለት ቀለም ቢወጣ ነው፤ አንዱ ለስዊድን፣ አንዱ ለዴንማርክ።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። የመጀመሪያውን ክፍል በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጀምሮታል። «ቆይ» አለኝ፣ «አሁን ያወራው የትኛው ነው? ዴንማርኩ ነው ስዊድኑ?»