የመክፈቻው ውድድር ሽቅብ ይሁን

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ በደሴና በኮምቦልቻ የምንገኝ አማተር ብስክሌተኞች ስለ ዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር መነጋገር እንጀምራለን። ወሬው የሚያዘነብለው ደግሞ ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ ወደሚገባው መስመር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቁልቁለቱ ልምምድ የሌለውንም ሰው ፈጣን ያስመስለዋል፤ ተመልካችም ፍጥነት ይወዳል። እኔ ግን የመክፈቻው ውድድር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ሽቅብ መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ዋናው ምክንያቴ ወቅቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ከተራራው ታጥቦ የወረደው ጠጠርና ደለል፣ አስፋልቱ ደርቆ ንጹሕ በሚመስልበት በጥቅምትም ቢሆን ከመታጠፊያዎቹ ጠርዝ ፈጽሞ አይጠፋም። ለመኪና ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ አጋድሎ የሚታጠፍን ቀጭን የብስክሌት ጎማ ለማንሸራተት ግን አንድ እፍኝ ጠጠር ይበቃል። ጋላቢውም ቢሆን ክረምቱን ብዙ ሳይጋልብ ስለከረመ፣ ከፊቱ ካለው ጎማ ምን ያህል መራቅ እንዳለበትና ፍሬን መቼ መያዝ እንዳለበት እንደ አዲስ መልመድ ይኖርበታል።

የፍሬኑ ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። አብዛኞቻችን የምንጋልበው ያገለገለ ብስክሌት ነው፤ ፍሬኑም ከግራና ከቀኝ ቸርኬውን ጨምቆ የሚይዝ ዓይነት ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቁ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫ ላይ ከደረሰ በኋላ የቱንም ያህል አጥብቀው ቢጨብጡት ብስክሌቱ እንደ ልብ አይታዘዝም። ልምድ ያለው ሰው መታጠፊያው ሳይደርስ ጠበቅ አድርጎ ይይዝና ይለቃል። ጀማሪው ግን ስለሚፈራ ከላይ እስከ ታች ይዞ ይወርዳል፤ ስለዚህም በቁልቁለት ውድድር ለአደጋ ይበልጥ የሚጋለጠው ያው ጥንቃቄ አደረግሁ ብሎ የሚያስበው ሰው ነው።

ሽቅብ ሲሆን ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ወድቆ የሚነሳው ሰው ብዙውን ጊዜ ከመላላጥ ያለፈ ጉዳት አይደርስበትም። በሜዳ ላይ ከሌላው ጀርባ ተከልሎ መጋለብ ብዙ ጉልበት የሚያድን ሲሆን፣ ነፋሱ በማይበረታበት አዝጋሚ ዳገት ላይ ግን ይህ ጥቅም በእጅጉ ያንሳል፤ እያንዳንዱ በራሱ ሳንባና እግር ይመዘናል። ከኮምቦልቻ በትልቅ ማርሽ ተፈትልከው የወጡት ጋላቢዎች፣ ዳገቱ ሲጸና አፋቸውን ከፍተው፣ ትከሻቸው ከግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዘ፣ ቀድሞ ቸል ባሏቸው ዝምተኞች አንድ በአንድ ሲታለፉ ማየት የተለመደ ነው። የወቅት መጀመሪያ ውድድር ጥቅሙም አቅምን አሳይቶ የቀጣዮቹን ወራት ልምምድ ለማቀድ ማስቻሉ ነው፤ ዋንጫው ቆይቶም ይደርሳል።

ዳገት ጀማሪዎችን ያሸሻል የሚሉ አሉ፤ ሙግታቸው ተራ አይደለም። ሆኖም ለጀማሪዎች ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ አጭር ዙር ማዘጋጀት ይቻላል። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለው ስፖርት፣ ተራራ ላይ ተወልዶ ዳገት መሸሽ እንዴት እንደሚያዋጣ አይገባኝም።

መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በመሆኑ፣ የትራፊክ ፖሊስን ቀደም ብሎ ማነጋገር ግድ ነው። እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቢጀመር አብዛኛው ተወዳዳሪ 3 ሰዓት ሳይሞላ ደሴ ይገባል፤ ጨርሶ የደከመውንም ከኋላ የምትከተል መኪና ታነሳዋለች። አዘጋጆች የሚዘነጉት ግን ከውድድሩ በኋላ ያለውን ነው፤ የኮምቦልቻ ልጆች ድካማቸውን ይዘው፣ ያንኑ ቁልቁለት እየተፎካከሩ ወደ ቤታቸው ይወርዳሉ። ከመመዝገቢያው ገንዘብ ላይ ለአንድ አይሱዙ የሚሆን ተቀንሶ፣ ብስክሌቶቹ ተጭነው ልጆቹ በታክሲ ቢመለሱ ይሻላል።